ቶዮታችሁ 300 ሺ ኪሎሜትር እንድትደርስ፦ ከኮሮላዬ ጋር በ12 ዓመት የተማርኩት

እኛ ሰፈር አንዲት ዲኤክስ አለች፣ ቀለሟ ሦስቴ ተቀይሯል፣ ባለቤቷ ጡረታ ወጥተዋል፣ እሷ ግን እስካሁን ጠዋት ቁልፍ አንዴ ሲዞርላት ትነሳለች። ከ40 ዓመት በላይ የሆናት ኮሮላ ናት እኮ። እንዲህ አይነት መኪና እያየን ስላደግን "ቶዮታ አይሞትም" የሚለውን ነገር እንደ እምነት ነው የያዝነው። እኔም ይዤው ነበር፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚሁ እምነት የተነሳ የራሴን ኮሮላ ልገላት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ቶዮታ ቻይ መኪና ነው። ዘይት ሲዘገይበት ዝም ይላል፣ ውሃ ሲጎድልበት ዝም ይላል፣ ፊልትሮው አፈር ሲሞላ ዝም ይላል፣ እኛ ደግሞ ዝም ማለቱን ጤነኛ ነው ብለን እንተረጉመዋለን። ሌላው መኪና በ20 ሺ ኪሎሜትር ጮሆ የሚያስታውሳችሁን ነገር ቶዮታ 80 ሺ ድረስ ይሸከመውና አንድ ቀን መንገድ ላይ ሂሳቡን አንድ ላይ ያመጣዋል። ስለዚህ ከታች የምጽፈው ነገር በሙሉ አንድ ነገር ላይ ነው፣ መኪናዋ ከመጮኋ በፊት እንዴት እንደምታዩላት።

አሁን ለምን ጻፍከው ካላችሁኝ ደግሞ፣ በ2012 የኤክሳይስ ታክሱ ከወጣ በኋላ አሮጌ መኪና ማስገባት እሳት ሆነ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ፣ ስለዚህ ግቢያችሁ የቆመችው ኮሮላ ወይ ቪትዝ ወይ ያሪስ ዝም ብላችሁ ሸጣችሁ የምትተኳት አይደለችም፣ ማኖር ነው ያለባችሁ።

መጀመሪያ አገዛዙ

የኔን በ2005 ነው የገዛኋት፣ 1.3 ኮሮላ፣ የፈረንጆቹ 2004 ሞዴል፣ ከዱባይ የመጣች፣ ጌጁ ላይ 118 ሺ ይላል። ይሄን ቁጥር ማንም ሰው እንዳያምን፣ ጌጅ ማስመለስ ቀላል ነገር ነው። እኔ ቁጥሩን ትቼ ያየሁት የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ ነው። ጌጁ 90 ሺ እያለ የፔዳሉ ጎማ እስከ ብረቱ ካለቀ፣ ወይ ደግሞ የድሮ መኪና ሆኖ ፔዳሉ ብቻ አዲስ ከሆነ፣ እዚያ ጋር ቁጥሩ እንደተነካካ ጠርጥሩ።

ሻጩን ከመሄዳችሁ በፊት "እንዳታስነሳት፣ እኔ መጥቼ ነው የማስነሳት" በሉት። ደርሳችሁ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፣ ከሞቀ ሌላ ቀን ኑ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ነው እውነቱን የሚናገረው። ሲነሳ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ከጠፋ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው፣ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፣ ሳይጠፋ እየነዳችሁም ከቀጠለ የፒስቶን ሪንግ ነውና ከባድ ነው። የዘይት ክዳኑን ክፈቱና ከስሩ እዩት፣ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ውሃና ዘይት ተገናኝተው ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ መካኒክ ሳያይላችሁ ቀብድ አትክፈሉ። ራዲያተሩንም ገና ቀዝቃዛ እያለ ክፈቱት፣ ውሃው የዝገት ቀለም ካለው ያ ሰውዬ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጨምር ነው የኖረው።

ቪትዝ የምትገዙ ሰዎች አንድ የናንተ ብቻ የሆነ ነገር አለ። ቪትዝ የሚለው ስም እስከ ፈረንጆቹ 2020 ድረስ የጃፓን ገበያ ስም ነበር፣ ያቺው መኪና አውሮፓ ላይ ያሪስ ነበር የምትባለው። ጃፓን ደግሞ በግራ በኩል ስለሚነዳ መሪው ሲፈበረክ ቀኝ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ቪትዝ መሪው ወደ ግራ የዞረ ነው። በደንብ የዞረ አለ፣ በጥድፊያ የዞረም አለ። ከዳሽቦርዱ ስር ጎንበስ ብላችሁ በባትሪ እዩ፣ ሽቦው በፕላስተር እየተጠቀለለ የተቀጣጠለ ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ ፍንጭት ካለው፣ የመሪው ዘንግ ላይ ብየዳ ካያችሁ ተዉት። ሌላው ሁሉ ይጠገናል፣ መሪ ላይ ግን ብየዳ ያለበት መኪና ቤተሰብ አይጫንበትም፣ በዚህ አልደራደርም።

ከአውሮፓ የመጣች ከሆነች ደግሞ ከስር ግቡና እዩ፣ እዚያ ክረምት ክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበትኑ ከላይ የምታበራ መኪና ከስር የተበላች ልትሆን ትችላለች።

ዘይት፣ እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ

አብዛኛው ሰው ዘይት በ5 ሺ ይቀየራል የሚለውን ያውቃል፣ ጥሩ ነው። የማያውቀው ግን ከቅየራ እስከ ቅየራ ባለው መሃል መታየት እንዳለበት ነው። ሂሳቡን እንሥራው። የኮሮላ 1.3 ሞተር 4 ሊትር እንኳን የማይሞላ ዘይት ነው የሚይዘው፣ የ1.0 ቪትዝ 3 ሊትር ብቻ ምናምን ነው። የቶዮታ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ አንድ ሞተር በ1000 ኪሎሜትር እስከ 1 ሊትር ዘይት ሊጠቀም ይችላል ይላል። ያ ጣሪያው ነው፣ ጤነኛ ሞተር ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚበላው፣ ግን ዕድሜ የገፋ ሞተር ግማሹን እንኳን ቢበላ በ5 ሺ ኪሎሜትር 2 ሊትር ተኩል ሄደ ማለት ነው፣ ከ3 ሊትር ላይ! ስለዚህ "በሰዓቱ ነው የምቀይረው እኮ" የሚል ሰው ሞተሩ በደረቁ ሲፈጭ ሊያገኘው ይችላል። የዘይት መብራቱ ይነግረኛል እንዳትሉ፣ ቀዩ መብራት የሚበራው ግፊት ሲጠፋ ነው፣ በዚያ ሰዓት ኩሽኔታው ቀድሞ ተበልቷል።

በተለይ በፈረንጆቹ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡ 1ዜድዜድ፣ 3ዜድዜድ፣ 4ዜድዜድ የሚባሉት የኮሮላ ሞተሮች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ምክንያቱ ፒስቶኑ ላይ ዘይት ወደ ታች የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በካርቦን ስለሚደፈኑ ነው፣ በኋላ የወጡት ላይ ተሻሽሏል። የሞተራችሁ ኮድ ኮፈን ስር ያለው የብረት ሳህን ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ተጽፏል፣ አንብቡት። ከነዚህ አንዱ ከሆነ መኪናችሁ መጥፎ ናት ማለት አይደለም፣ 300 ሺ የሄዱ ብዙ አሉ፣ ግን ከሌላው በላይ መታየት አለባት ማለት ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሳትነሳ፣ የዘይት መለኪያውን ሳቡት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ መልሳችሁ እስከ መጨረሻው ክተቱት፣ እንደገና አውጡት። ሁለት ነጥቦች አሉ፣ ከታችኛው እስከ ላይኛው አንድ ሊትር ወይ ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። መሃሉ ላይ ከሆነ ደህና፣ ወደ ታችኛው ከቀረበ ጨምሩ፣ ከላይኛው ግን አታሳልፉ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ እኔ ቡና እስኪፈላ ነው የማየው።

የዘይቱ አይነት ላይ ብዙ ክርክር አለ። እነዚህ ሞተሮች ሲሠሩ የታሰበላቸው ቀጭን ዘይት ነው፣ 5ደብልዩ-30 ምናምን፣ እኛ ጋር ደግሞ በልማድ 20ደብልዩ-50 ይሞላል። ቪቪቲ ያለው ሞተር የቫልቩን ሰዓት የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ስለሆነ በጣም ወፍራም ዘይት ጠዋት በአዲስ አበባ ብርድ ቶሎ አይደርስለትም። የኔ ፍርድ፣ ሞተሩ ደህና ከሆነ መመሪያው የሚለውን ሙሉ፣ ዘይት የሚበላ ከሆነ 10ደብልዩ-40 ላይ አቁሙ። ከሁሉም በላይ ግን ዘይቱ ፎርጅድ እንዳይሆን፣ የታሸገ ግዙ፣ ማሸጊያውን ራሳችሁ ክፈቱ፣ ባዶውን ጀሪካን ወይ ይዛችሁት ሂዱ ወይ ቅደዱት፣ ተመልሶ እንዳይሞላ።

ውሃ፣ ማለትም ኩላንት

2008 ላይ ነው። ለፋሲካ ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድን ነበር፣ አራት ሰው ከነሻንጣው፣ ኤሲ ተከፍቷል። ከጎሃ ጽዮን ወርደን ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ጀመርን። የዓባይ በረሃን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከአፋፍ እስከ አፋፍ 40 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ከሺህ ሜትር በላይ ትወርዱና ያንኑ መልሳችሁ ትወጣላችሁ፣ ታች ላይ ሙቀቱ ሌላ ነው። ቀስቱ ከግማሽ ተነስቶ ቀስ እያለ ወጣ። አየሁት። "አፋፉ ጋ ስደርስ ይወርዳል" ብዬ ቀጠልኩ፣ ቶዮታ ናት እኮ ብዬ። ከዚያ ቀስቱ በድንገት ወደ ታች ወረደ፣ ደስ አለኝ፣ ለካ ውሃው አልቆ ሙቀት መለኪያው አየር ላይ ቀርቶ ነው። ሁለት ኩርባ ሳንሄድ ከኮፈኑ እንፋሎት ወጣ።

ወርጄ ጨርቅ ይዤ ክዳኑን ልከፍት ስል ከኋላችን የመጣ የኤፍኤስአር ሹፌር፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ጀምረው ጮሁ፣ "ልጄ! እጅህን አንሳ! ፊትህን ታጣለህ!" መጡና እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። "መጀመሪያ አንተ ተቀመጥ፣ ከዚያ እሷ ትቀዝቅዝ" አሉኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ራሳቸው ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ግማሽ ዙር ብቻ አዙረው አስተነፈሱት፣ ከፈቱት፣ ክዳኑንም ገልብጠው አሳዩኝ፣ ከስሩ ያለው ጎማ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። "ይሄው ነው የገደላት" አሉኝ።

ይሄን ነገር በደንብ ልግለጸው ምክንያቱም ብዙ ሰው ክዳኑን ክዳን ብቻ ይመስለዋል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሞተሩ ደግሞ በመደበኛ ሥራው ወደ 90 ዲግሪ ነው የሚሞቀው። ታዲያ ሁልጊዜ የማይፈላው ለምንድነው? ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው፣ ግፊት ሲኖር ውሃው ከ110 በላይ ካልደረሰ አይፈላም፣ ኩላንት ካለበት ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። ክዳኑ ካፈሰሰ ግን ያ ሁሉ መከላከያ በአንድ ትንሽ ጎማ ምክንያት ጠፋ። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ክዳን ካላችሁ ቀይሩት፣ ከመኪናው ርካሽ ዕቃዎች አንዱ ነው።

የኔ ላይ ሌላም ጥፋት ነበር። ከዚያ በፊት የሠራልኝ መካኒክ "ለሀገራችን አየር አያስፈልግም" ብሎ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን፣ አውጥቶት ነበር፣ እኔም ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ እሺ ብዬ ነበር። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል። ማንም እንዳያወጣባችሁ። የተበላሸ ከሆነ በአዲስ ይተካ፣ ባዶ ቦታ አይተው።

በመጨረሻ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ተጣሞ ተገኘ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላጠ፣ ከስሩ ያለው ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ ሦስት ሳምንት ያለ መኪና። የሞተሩ ራስ አልሙኒየም ስለሆነ ሙቀት ሲያልፍበት ይጣመማል፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ስለ ቶዮታ አንድ ነገር ሳነብ ይሄ ቀን ነው የሚመጣብኝ። የመኪና ፋብሪካውን በፈረንጆቹ 1937 ያቋቋመው ኪይቺሮ ቶዮዳ ነው፣ አባቱ ሳኪቺ ቶዮዳ ግን የሽመና ማሽን ሠሪ ነበር፣ በ1924 የወጣው አውቶማቲክ ማሽኑ አንድ ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆም ነበር፣ የተበላሸ ጨርቅ እየሸመነ አይቀጥልም። ፋብሪካው መኪና ሲሠራም ይሄንኑ ነው የያዘው፣ ችግር ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ መስመሩን ያስቆማል። እኔ ክሩ ሲበጠስ እያየሁ የሸመንኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቀስቱ ከለመደበት ቦታ ከፍ ካለ ኤሲ አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ልቀቁት፣ ከሞተሩ ሙቀት ይስብለታል፣ ካልወረደ ዳር ይዛችሁ አቁሙ። እንፋሎት ካያችሁ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ክዳን አትንኩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ። ብዙ ቪትዝና ያሪስ ላይ ቀስት የለም፣ ቀይ መብራት ነው ያለው፣ መብራቱ ከበራ "እስቲ ትንሽ ልሂድ" የሚባል ነገር የለም።

ኩላንቱን ደግሞ ቀለም አይታችሁ አትቀላቅሉ፣ አንዱን ያዙ፣ ንጹሕ ውሃ ካስፈለገም የተጣራ ይሁን። እኔ በየሁለት ዓመቱ አስወጥቼ አዲስ እሞላለሁ።

ቺንጊያ ወይስ ሰንሰለት

ይሄ አጭር ነው ግን ሞተር የሚገድል ነው። በፈረንጆቹ ከ2000 ወዲህ ያሉ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ቤንዚኖች አብዛኞቹ ታይሚንጋቸው፣ ማለትም ቫልቭና ፒስቶን በሰዓታቸው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገው፣ በሰንሰለት ነው የሚሠራው፣ በዘይት ካልተበደለ ሰንሰለቱ ከሞተሩ እኩል ይኖራል፣ ጠዋት ሲነሳ የሚንቃቀል ድምፅ ካለው ግን አሳዩት። የፈረንጆቹ 1990ዎቹ ኮሮላዎች ብዙዎቹ፣ የቆዩት ናፍጣ ሃይሉክስና ዶልፊን፣ ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ፣ እነዚህ የታይሚንግ ቺንጊያ ናቸው፣ በ100 ሺ ቀይሩ። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና በመጀመሪያው ሳምንት ቀይሩ። ናፍጣ ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፣ እዚያው ላይ ሞተሩ አለቀ።

ዕቃ መግዛት

ሱማሌ ተራ ስትሄዱ የድሮውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሻንሲ ቁጥሩንም በስልክ ፎቶ አንሱት። "የኮሮላ ነው" የሚለው አይበቃም፣ ስንት አይነት ኮሮላ አለ። እኔ የማደርገው ክፍፍል እንዲህ ነው፣ ለፍሬን፣ ለመሪና ለውሃ የሚሆን ነገር ኦሪጅናል ወይም ጥሩ ስም ያለው ብቻ፣ ለስፖኪዮ፣ ለፍሬቻ፣ ለፓራፋንጎ ግን የተገኘው ይበቃል። ከሌላ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ዲናሞ ወይ ሞተሪኖ ከአዲስ ፎርጅድ ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ የተፈታ የፍሬን ሸራ ግን ማንም አይግዛ። ካንዴላም ከታወቀ ሱቅ፣ ፎርጅዱ በዝቷል።

የአየር ፊልትሮ በየወሩ አውጥታችሁ እዩ፣ ኮብልስቶንና አቧራ ሰፈር ከሆናችሁ በየሁለት ሳምንቱ፣ በኮምፕረሰር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ ከውጭ ከነፋችሁት አፈሩን ወደ ውስጥ ነው የምትተክሉት። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ዘይቱ መመሪያው ያዘዘው አይነት ብቻ ይሁን፣ በፊት ጎማ የሚነዳ ሆኖ የሚጎተትም ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው። ከስር የአክሱሉን መጋጠሚያ የሚሸፍኑትን ላስቲኮች መኪናዋ ክሪክ ላይ በወጣች ቁጥር እዩ፣ የተቀደደ ሽፋን በሰዓቱ ቢቀየር ትንሽ ነው፣ ቢቆይ ሙሉ አክሱሉን ያስቀይራል።

ኤርባግ ደግሞ ሰው የሚረሳው ነው። ታካታ የሚባለው ፋብሪካ የሠራቸው ኤርባጎች ከሙቀትና ከእርጥበት ብዛት ሲያረጁ ሲፈነዱ ብረት ስለሚረጩ ሰው ገድለዋል፣ በዓለም ላይ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የብዙ ኩባንያ መኪናዎች ተጠርተዋል፣ የፈረንጆቹ 2000ዎቹ ኮሮላና ያሪስም አሉበት። መኪናችሁ ከውጭ ያገለገለች ስለሆነች ጥሪው ሳይደርሳት መጥታ ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ የቶዮታ ወኪል ጋ አስጣሩ።

ደብተር

ዳሽቦርዴ ውስጥ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለች፣ ከዓባዩ ጉድ በኋላ ነው የጀመርኳት። ቀን፣ ኪሎሜትር፣ ምን እንደተደረገ፣ በቃ። ይሄ ነገር ያለው ጥቅም ምን መሰላችሁ፣ ዘይት በ2 ሺ ኪሎሜትር ሩብ ሊትር ስትጠጣ የነበረች መኪና ግማሽ መጠጣት ስትጀምር በጭንቅላት አይታወቅም፣ ደብተር ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለፈው ዓመት እንዲህ አይቼ ነው የሞተሩን የሆድ ጭስ የሚመልሰው ቫልቯ (ፒሲቪ) መደፈኑን ያወቅኩት፣ ተቀየረና ፍጆታዋ ተመለሰ። ሳይታይ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ሞተር ክፈት እባል ነበር።

ዘንድሮም ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ሄድን። ከመውጣታችን ማታ ኩላንት፣ ክዳን፣ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የጎማ ንፋስ ከነስኮርታው አየሁ። ወደ ዓባይ ስንወርድ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ሳልይዝ እየነካሁ እየለቀቅኩ፣ ምክንያቱም ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬን የለውም። ዳገቱን ስንጀምር ኤሲ አጠፋሁ፣ ልጆቹ ሞቀን አሉ፣ መስኮት ከፈትንላቸው። ያ የተቀመጥንበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቀስቱን አየሁት፣ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደነበረ ነው። ደጀን ቁርስ በልተን ደብተሯ ላይ ጻፍኩ፣ 296,140፣ ዘይት ደህና፣ ውሃ ደህና።